በጭቃ የተዘጋው መስኮት

ሚያዝያ 14 ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት
ከታችኛው ቤት፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

ለእናቴ ልጅ፣ ለሚጡ፣

ስድሳ ሁለት ዓመት ሞላት፣ አያት ሆነች ብዬ ሚጡ ማለቴን የምተው እንዳይመስልሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ልጅሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ ክሩን ከመርፌው ጋር ማገናኘት እምቢ ካለኝ ቆየ፤ ከጥርሴም አንዱ ጥሎኝ ሄዷል፤ ምላሴ ግን እንደምታውቂው ሙሉ ጤነኛ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። አንቺ ግን ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ ሁሉም ደህና ነው፣ በይ ቻው" ትያለሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህች ንግግር ላይ አንዲት ቃል አልጨመርሽም። ስለዚህ ደብዳቤ ይሻላል አልኩ፤ ደብዳቤ መሃል ላይ አይዘጋም። ብቻ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፦ እስከ መጨረሻው አንብቢው። አንድ ቦታ ላይ ስትደርሺ ትናደጃለሽ። ተናደጂ፣ መብትሽ ነው፤ ግን እየተናደድሽ አንብቢ።

በይ ወደ ዜናው። ቤትሽ መስኮት አለው።

ይወጣለታል አላልኩም። አለው ነው ያልኩት። ወደ ሸለቆው የሚያይ፣ የእኔን መስኮት የሚያክል፣ ደፉ ላይ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ መስኮት። አንቺም እኔም ሳንወለድ ጀምሮ አለው። ከደስታዬ ብዛት ትናንት የሰው ቀሚስ ኪስ ከጀርባ በኩል ሰፍቼ ስፈታው ዋልኩ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

ባለፈው ክረምት ሁለቱ ጣሪያዎች የሚገናኙበት ላይ ያለው አሸንዳ ለቀቀና ውሃው በአንቺም በእኔም ቤት ወረደ። መቼም ሁለት በር ይኑረን እንጂ በቅርስ መዝገብ ላይ አንድ ቤት ነን፤ ቁጥራችን አንድ ነው፤ አንዲት የጣሪያ ሸክላ ለመቀየር እንኳ ቢሮው መፍቀድ አለበት። ስለዚህ አመለከትኩ። (አዎ፣ ማመልከት ይሆንልኛል። እሱን ቆይተን እንደርስበታለን።)

ከአምስት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ እግር መሐንዲስ ላኩልን። የያዘችው ቦርሳ ከእሷ ይከብዳል። መንገዱ ላይ ቆማ ቤቶቹን ቀና ብላ አየችና "ውይ!" አለች። የሆነ ነገር የወደቀ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ።

"ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም እማማ፤ ሲያምሩ ነው" አለችኝ።

እማማ ማለቷን ይቅር ያልኳት ለዚህ ነው።

ሚጡ፣ ስድሳ ስድስት ዓመት የኖርኩበትን ቤት ገና አሁን በዚህች ልጅ ጣት አየሁት። ግድግዳው ከስር ሰፍቶ ወደ ላይ እየጠበበ እንደሚሄድ፣ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ ቤቱን እንዳይገፋው ከመሠረቱ ኋላ ጠጠር የተሞላ ቦይ እንዳለ አሳየችኝ። የበሮቻችን መቃን ደግሞ ከአንድ ግንድ ነው የወጣው፤ ግንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ግማሹን ለእኔ በር፣ ግማሹን ለአንቺ በር አድርገውታል። የእንጨቱ መስመር ሳይቀር ይገጥማል! በዚያ በር ስንት ዘመን ስንወጣ ስንገባ፣ አንድ ቀን ዞር ብለን አላየነውም።

አያታችን ቤቱን ለሁለቱ ልጆቹ ለአባባና ለአጎታችን ሲሠራ፣ ኮረብታውን ቆርጦ ቤቱን ቀጥ ከማድረግ፣ ኮረብታው በሚዞርበት ቤቱን አጠፈው። "የተከፈተ መጽሐፍ በሉት" አለች ልጅቷ። መሃል ያለው የጋራ ግድግዳችን ዳገቱን ተደግፏል፤ አንዱ ገጽ የእኔ፣ ሌላው ገጽ የአንቺ ሆኖ ወደ ሸለቆው ተከፍቷል። የአንቺ ቤት ከእኔ በሦስት ደረጃ ከፍ ያለውም፣ አባባ እስኪሞት ድረስ እንዳማረረው አያታችን ታናሹን ስላበለጠ አይደለም። ከስሩ አለት ስላለ ነው። አባባ ያን ሁሉ ዘመን የተቀየመው ድንጋይ ነበር ማለት ነው።

መለካት ሲጀመር ጋሽ ሜትሩ እንዴት ይቅር? ጎረቤታችን አናጢነቱን ከተወ ቢቆይም ሜትሩ ከኪሱ ተለይቶ አያውቅም፤ "ሰፈሬ ላይ እኔ ሳልኖር አይለካም" ብሎ የሜትሩን ጫፍ ሊይዝላት መጣ። ስሙን ስታነቢ ፊትሽ ሲጠቁር ከዚህ ሆኖ ይታየኛል። "መስኮት ላወጣ መሆኔን ለቢሮ የጠቆመብኝ እሱ ነው" ብለሽ፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ስትወርጂ ሰላም እንኳ ሳትይው ነው ያለፍሽው። ልጅሽ ነይ ነይ ስትልሽ ስንት ዓመት እምቢ ስትዪ ኖረሽ፣ በዚያ ሳምንት እሺ አልሻት። ሁሉም ትዝ ይለኛል። ታገሺኝ።

ልጅቷ ሁለት ቀን ለካች፣ ሁለት ቀን ሣለች። በአምስተኛው ቀን ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰካች።

"እማማ፣ እዚህ የጎደለ ነገር አለ። በር ለበር፣ ጓዳ ለጓዳ፣ ግድግዳው ውስጥ ያለችው መደርደሪያ ሳትቀር በሁለቱም ቤት አለች። ወደ ሸለቆው የሚያይ መስኮት ግን እርስዎ ጋ ብቻ ነው። መንታ ሆኖ አንዱ ዓይን አይኖረውም?"

አባባ ሲነግረን የኖረውን ነገርኳት። በዚያ በኩል ነፋስ ስለሚበረታ አያታችን መስኮት አላወጣለትም አልኳት። ልጅቷ ጣቷን ላሰችና በበሩ ወደ ውጭ ዘረጋችው።

"ነፋሱ እኮ ከእርስዎ በኩል ነው የሚመጣው" አለችኝ።

ይህን ሁሉ ዘመን አንዳችንም ጣታችንን አላረጠብንም!

ከዚያ ቤትሽን ከፈትኩላት። ቅዳሜ ቅዳሜ እከፍተዋለሁ፤ አናፍሰዋለሁ፣ እጠርገዋለሁ፣ አልጋሽን አራግፌ መልሼ አነጥፈዋለሁ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም፤ አልጠየቅሽኝማ። በጠመኔ ያሰመርሽው አራት ማዕዘን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ካቻምና ውስጡን ኖራ ስቀባው እሱን ዘልዬ ነው የቀባሁት።

"ይህ ምንድን ነው?" አለች ልጅቷ።

"እህቴ መስኮት ልታወጣ ያሰበችበት ነው።"

"ለምን ተወችው?"

"ተከለከለች።"

"ቢሮው በምን አወቀ?"

"እኔ ምን አውቄ!" አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ጋሽ ሜትሩ አሳለ።

ልጅቷ ግድግዳውን በጣቷ አንጓ ማንኳኳት ጀመረች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ከዚያ ዱም። ተመለሰች፤ ኳ፣ ኳ፣ ዱም። ከጠመኔሽ መስመር አንድ ስንዝር ወደ ግራ። ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ እንደ ሐኪም አዳመጠችው፤ ከዚያ ምንም ሳትነግረን "ግንበኛ ይዤ እመለሳለሁ" ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወረደች።

በሳምንቱ አንድ ሽማግሌ ግንበኛና አንድ አቧራ የጠጣ ፋይል ይዛ መጣች። ፋይሉን ሳይ ብድግ አልኩ። ሻይ አቀረብኩ፤ ስደነግጥ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ልጅቷ ፋይሉን ገልጣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

"ለቅርስ ጥበቃ ቢሮ። በኮረብታው መንትያ ቤቶች በላይኛው የምትኖር ሴት፣ ከአያት የተረፈውን ግድግዳ በማን አለብኝነት ልታፈርስ ስለሆነ በአስቸኳይ ይደረስልን። ከአንድ ተቆርቋሪ ነዋሪ።"

ተቆርቋሪ ነዋሪ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልጅቷ ግን ዓይኗ እያበራ፣ "እኚህን ሰው ባገኛቸው ስሜ አልጠግባቸውም። እህትዎ በመዶሻ ቢገቡበት ኖሮ ከስሩ ያለው ሁሉ ተበላሽቶ ይቀር ነበር። ማን እንደሆኑ አያውቁም?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኩ። ሻዩን ከብርጭቆው ውጭ ቀዳሁት።

"ጀርባው ላይ ደግሞ ቁጥር አለ፤ ቢሮ ውስጥ ማንም አልገባውም። አንገት ሠላሳ ስምንት፣ ደረት መቶ ሁለት ይላል።"

ጋሽ ሜትሩ ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ ሳል ያዘው፤ ግንበኛው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። ልጅቷ የስፌት መኪናዬን አየች፣ እኔን አየች፣ ፋይሉን ዘጋች። "እንውጣ በሉ" አለች።

ወደ ላይኛው ቤት ወጣን። ሽማግሌው በመሮ ጫፍ ቀስ እያለ ኖራውን ፋቀው። ሰባት ድርብ ነበር፤ ከሰባተኛው ስር እንጨት ወጣ። በመዳፉ አሸት አደረገውና ብቻውን ሳቀ።

"ጉበን ነው፣ የመስኮት አናት ላይ የሚጋደመው" አለ። "ቀዳዳ የሌለው ግድግዳ ጉበን ምን ያደርግለታል? ጭንቅላት ሳይኖረው ኮፍያ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?"

ልጅቷ ባለቤቷ ሳትፈቅድ ሙሉውን መክፈት እንደማይቻል፣ ለምርመራ ግን ጭንቅላት የምታስገባ ያህል ቀዳዳ እንደሚፈቀድ ነገረችን። ሽማግሌው መዶሻውን አነሳ፣ መሮውን ደገነ፣ ትንሽ ነካ ሲያደርገው ድንጋዩ ተከትሎት ወጣ። ድንጋዩን አገላብጦ አየው። መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በእጁ ብቻ አወጣቸው።

"ጭቃ ነው" አለ። "ቤቱ በሙሉ በኖራ ተገንብቶ ይህች ብቻ በጭቃ። ማን ነው የዘጋው?"

"አጎታችን ይሆናል፤ እሱ ነበር የሚኖርበት" አልኩት።

"ግንበኛ ነበር?"

"እንደ አባቱም እንደ ወንድሙም።"

"እንግዲያው ሳያውቅ አይደለም። ግንበኛ ለዘለዓለም የሚዘጋውን በኖራ ነው የሚዘጋው። በጭቃ ከዘጋ፣ ነገ ተነገ ወዲያ እከፍተዋለሁ ብሎ ነው። ላዩን ግን ጭቃ መሆኑን ወንድሙ እንዳያውቅበት በኖራ ለሰነው፤ እልህ ነዋ!"

እልህ ሲል የአሸንዳው ጠብ ትዝ አለኝ። አባባና አጎታችን የተጣሉት በዚያ ነበር፤ ከአሸንዳው የሚወርደው የዝናብ ውሃ በማን በርሜል ይግባ ተብሎ! ከዚያ በኋላ በእኛ አፍ ነበር የሚነጋገሩት፣ አስታወስሽ? "ለአጎትሽ ንገሪው፣ በርሜሉን ያንሳ።" ሦስት ደረጃ ሮጠን እንወጣለን። "ለአባትሽ ንገሪው፣ አላነሳም።" ሦስት ደረጃ ሮጠን እንወርዳለን። አጎታችን ወንበሩን ወደዚያ ባዶ ግድግዳ አዙሮ ሲቀመጥ፣ "ከግድግዳ ጋር የተኳረፈው" እያልን እንስቅበት ነበር። ለካስ ሰውዬው መስኮቱ ፊት ነበር የሚቀመጠው። ቤቱን ላንቺ አውርሶ ሲሞት አባባ "አንድ ቀን እንኳ ቢጠራኝ" እያለ አለቀሰ። እሱም እኮ አንድ ቀን አልጠራውም።

"ይምጡ ይዩ እማማ" አለችኝ ልጅቷ። ዱካ አስጠግተው ደግፈው አወጡኝ። ጭንቅላቴን ከተትኩ።

መጀመሪያ ሸለቆውን አየሁ። የታችኛው ሰፈር ጣሪያ፣ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ከእኔ መስኮት የማየው ሁሉ ነበር፤ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው እንጂ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞር ስል፣ ዝቅ ብሎ፣ ሌላ መስኮት። ጨርቅ የተከመረበት፣ ሜትር የተንጠለጠለበት፣ ደፉ ላይ ያልታጠበ ብርጭቆ የተቀመጠበት። የማን ዝርክርክ ቤት ነው ልል አፌን ስከፍት የስፌት መኪናዬን አየሁ።

የእኔ ነው ሚጡ። ከአንቺ መስኮት እኔ እታያለሁ። መኪናዬ፣ ወንበሬ፣ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው የመስኮቱ ደፍ ሳይቀር።

"አያትዎ ቤቱን እንደ መጽሐፍ ያጠፉት ለኮረብታው ብቻ አይደለም" አለች ልጅቷ ከኋላዬ። "ሁለቱ መስኮቶች እንዲተያዩ ብለው ነው። ቀጥ ብሎ ቢሠራ አይተያዩም ነበር።"

ዕድሜዬን ሙሉ ከስፌቴ ቀና ባልኩ ቁጥር በግራዬ ነጭ ግድግዳ ነበር የማየው። የአያታችን አሳብ እዚያ ነጭ ግድግዳ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀን ኖሯል። ጭንቅላቴን እዚያው እንደከተትኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ሳቅም ነበረበት። ከኋላዬ "ተቀረቀሩ እንዴ?" "ኧረ ትከሻቸውን ያዝ!" ሲባባሉ እሰማለሁ። አላወጣሁትም። ይጠብቁ።

ልጅቷ ያን ቀን ስትሄድ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ የምትናደጂበት ቦታ ደረስን።

ያንን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሜትሩ አይደለም፤ በእሱ የደረሰበት አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ሰው ቢጠይቀኝ የምመልሰው አዘጋጅቼ ነበር፤ ቅርስ ነው፣ ግድግዳው ይናጋል፣ የአያታችን እጅ ያረፈበት ነው እያልኩ። ውሸት ነው። እውነቱን ልንገርሽ። ቤትሽ ጨለማ ስለነበር፣ ከኋላ ያለችው መስኮትሽም ከዳገቱ አፈር በቀር ስለማታሳይሽ፣ በየጠዋቱ ሹራብሽን ይዘሽ ወደ እኔ መስኮት ትወርጂ ነበር። አንቺ በመርፌሽ፣ እኔ በመኪናዬ፣ ሸለቆውን እያየን፣ ሰዉን እያማን። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ የእኔ ቀን ማለት ያ ጠዋት ነበር። ያን ዕለት ግድግዳውን በጠመኔ አስምረሽ፣ እጅሽን እያራገፍሽ፣ "እትዬ፣ አሁን የራሴ መስኮት ሊኖረኝ ነው!" አልሽኝ። እየሳቅሽ ነበር። እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን "ከእንግዲህ አትወርድም" አልኩ። እዚያው ቆሜ ጻፍኩት።

ትተሽኝ እንዳትሄጂ ብዬ ጻፍኩ፤ ሄድሽ።

ይባስ ብዬ፣ የቢሮው ሰው ሊከለክልሽ ሲመጣ አጠገብሽ ቆሜ "ማን ነው ይህን ያደረገ አረመኔ!" ብያለሁ። አንቺ "ሜትሩ ነው፤ መስኮቱን ሊለካ ሲመጣ ፊቱ ደስ አላለኝም" ስትዪ ዝም አልኩ። ልጅቷ ስታመሰግነኝ ደግሞ፣ አንድ አፍታ "እኔ ነኝ፣ ጉበኑን ያዳንኩት" ብዬ ልኮፈስ ቃጥቶኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ግን ጉበን መኖሩን መች አውቄ? እኔ ላድን የፈለግኩት ጠዋቴን ነበር።

እነሱ ከሄዱ በኋላ ጋሽ ሜትሩ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ጋሽ ሜትሩ፣ አንድ የምነግርህ ነገር አለ።"

"ተናገሪ፣ ተቆርቋሪ ነዋሪ" አለኝ።

ለካስ ያኔውኑ ያውቅ ነበር! የቢሮው ሰው ሲያጣራ ወረቀቱን አሳይቶታል። እኔ እንደሆንኩ ነገር ስጽፍ እጄ የገባውን ነው የምይዘው፤ የጻፍኩበት የልክ ወረቀቴ ነበር፣ ጀርባው ላይ ያለው ልክ ደግሞ የማን ይመስልሻል? የእሱ ኮት! አንገት ሠላሳ ስምንት፣ ደረት መቶ ሁለት። እሱን ያስጠረጠረውን ደብዳቤ በገዛ ደረቱ ልክ ላይ ጽፌዋለሁ።

"ታዲያ ስድስት ዓመት ለምን ዝም አልክ?" አልኩት።

"ሁለት እህት ከማጣላ እኔ ብታማ ይቀለኛል ብዬ ነዋ። መጣላታችሁ ግን አልቀረም፤ እኔም በከንቱ ታማሁ።" ትንሽ አሰበና፣ "ኮቱ ግን እስካሁን ልክ ነው" አለኝ።

አንቺ ያዘዝሽውን የመስኮት ፍሬም ደግሞ እስከ ዛሬ አስቀምጦልሻል። በየዓመቱ ዘይት እየቀባው! ትናንት አውጥቶ ከጉበኑ ጋር ሲያስተያየው አራት ጣት ጎደለ። "በጠመኔ ያሰመረችው እሷ ናት፤ በእኔ አታላክኩ" እያለ መጋዙን ከተሰቀለበት አወረደ። ይጨምርበታል። ፉጨቱ እስከዚህ ይሰማል።

ሰፈሩማ ጉድ ነው የሆነው። ቀዳዳውን ለማየት ሰልፍ ነው። ፖስተኛው ጭንቅላቱን ከትቶ "አሁን ገባኝ" አለ፤ ምን እንደገባው አላውቅም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ጭንቅላቱ አልገባለት ብሎ ተቀይሞ ሄደ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦ "እህትሽ ሰማች?"

ቢሮው የወሰነው እንዲህ ነው፤ መስኮቱ እንደ ጥንቱ ይከፈት። ያኔ እንዳትከፍቺው የከለከለሽ ሕግ፣ አሁን ተዘግቶ እንዳይቆይ ከልክሏል። የቤቱ ባለቤት አንቺ ስለሆንሽ ከዚህ ጋር የፈቃድ ቅጽ ልኬልሻለሁ። መሐንዲሷ ፈርመሽ በፖስታ ብትመልሺው ይበቃል ትላለች። ለእሷ ይበቃታል። ለእኔ አይበቃኝም።

ካልመጣሽ አልፈርድብሽም። ቅጹን ግን ፈርሚው፤ በእኔ የተናደድሽውን በመስኮቱ ላይ አትወጪው። ግንበኛው ክረምቱ ሳይገባ ይጀምራል፤ ከላይ እያወረደ ይመጣል። የመጨረሻዋን፣ የደፉን ረድፍ ድንጋይ ግን እንዳይነካ ለምኜዋለሁ። እሷን ባለቤቷ በእጇ ታውጣት ብዬዋለሁ። ጭቃ ስለሆነ አያስቸግርሽም። መጋረጃም ሰፍቼልሻለሁ፣ ቢጫ ነው። ቢጫ እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ የነበረኝ ጨርቅ እሱ ነው። መጥተሽ ተቆጪኝ።

አባባ አልጠራም፤ አጎታችንም አልጠራም፤ ሁለቱም ጆሯቸውን ቀስረው ሞቱ። እኔ ግን ይኸው ጠራሁሽ፦ ነይ። ስድስት ዓመት ዝም ያልኩሽ በጭቃ ነው እህቴ፣ በኖራ አይደለም። ይቅር በይኝ።

አሁን ይህን ስጽፍ መኪናዬ ፊት ተቀምጫለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ከላይ በግራ በኩል ያቺ ቀዳዳ ትታየኛለች። ባዶዋን ናት። ፊትሽን አምጪላት።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ልጅሽን ከነልጆቿ ክፉ አይንካብሽ፣ መንገዱን ያቅናልሽ፣ እኔንም ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

ያኛውን ደብዳቤ ራሴን ደብቄ ላክሁት። ይሄኛውን እፈርማለሁ።

እትዬሽ፣
ተቆርቋሪዋ ነዋሪ

ደግሞ ወረቀቱን ገልብጪው። አመል አይለቅምና አሁንም በልክ ወረቀት ላይ ነው የጻፍኩልሽ። የዛሬው ቁጥር ግን የጋሽ ሜትሩ ደረት አይደለም፤ የመስኮትሽ ቁመትና ወርድ ነው።